በሥራ ሰዓት ያልተገኙ አውሬዎች

«ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?» ሲሉ ጠየቁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ።

«አንዳንዶቹ በሁለት ተኩል፣ አብዛኞቹ ከሻይ በኋላ፤ የሂሳብ ክፍሎቹ ግን…»

«ኧረ ስለ ሠራተኛ ማን ጠየቀሽ? ስለ ኮረብታው አውሬዎች ነው!»

የአጥቢ እንስሳት ባለሙያዋ በሀፍረት አቀረቀረች። አውሬዎቹ ሲመሽ ከጉድጓዳቸው ወጥተው ሳይነጋ እንደሚገቡ አስረዳች። ኃላፊው በትዕግሥት ሰሟት። ትዕግሥታቸው በመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ነው፤ አንድ ማመልከቻ ጠረጴዛቸው ላይ ዓመት ቢከርም ተቆጥተውት አያውቁም።

የአውሬዎቹ ቆጠራ ግን በመመሪያው መሠረት፣ በሥራ ሰዓት፣ የምሳ እረፍትን አክብሮ ተካሄደ። ቆጣሪ ቡድኑ ከኮረብታው ሥር ዣንጥላ ዘርግቶ በትጋት ተቀመጠ። ጃርት አልቀረበም። ጅብ አልቀረበም። አዋልዲጌሳ የሚባለው፣ የአህያ ጆሮና የአሳማ አፍንጫ ይዞ ምስጥ ፍለጋ መሬት ሲቆፍር የሚያድረው ፍጡርም ያለ በቂ ምክንያት ቀረ።

«እንግዲህ የሉም ማለት ነው» አሉ ኃላፊው፣ ማኅተሙን እፍ እያሉ።

«ጌታዬ፣ ጉድጓዳቸው እኮ አለ። አፈሩም ገና ትኩስ ነው…»

«ልጄ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የተቆፈረ ጉድጓድ እኛን አይመለከትም። አውሬ ከሌለ ደግሞ የአውሬ ባለሙያ ምን ይሠራል? ከሰኞ ጀምሮ መደብሽ ይታጠፋል፤ ኮረብታው ላይም የሠራተኞች መዝናኛ ይሠራል። አይዞሽ፣ ሲመረቅ ትጠሪያለሽ።»

ማኅተሙ አረፈ።

ዓርብ ከሰዓት ኃላፊው የመዝናኛውን ቦታ ሊመርጡ፣ አዲሷን የመሥሪያ ቤት መኪና ራሳቸው እየነዱ ኮረብታውን ወጡ። ባለሙያዋ መንገድ እንድታሳይ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ኃላፊው ግን መንገድ ጠይቀው አያውቁም። ሣሩ ለምለም ነበር። በስብሰባ ሁሉ «ሣሩን አይተን ገደሉን አንርሳ» እያሉ የሚመክሩት ሰው መሪውን ወደ ለምለሙ አዞሩ። የፊት ጎማው መሬት ውስጥ ሰመጠ፤ ከሥር የሆነ ነገር ቋ ብሎ ተሰበረ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምንም አይደል ጌታዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከሥራ ሰዓት ውጭ የተቆፈረ ነው።»

ኃላፊው ወርደው የሰመጠውን ጎማ አዩ። መኪና የጎዳ ሠራተኛ ማዕረጉ ምንም ቢሆን ይጠየቃል የሚለውን መመሪያ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

«መቼም» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «አውሬ ባይኖር ይህን ማን ይቆፍረዋል?»

ሰኞ ጠዋት ሪፖርቱ ተስተካከለ። በኮረብታው ላይ አንድ አዋልዲጌሳ መኖሩ ተረጋገጠ፤ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት በመጉዳትም ተከሰሰ። ባለሙያዋ ለምስክርነት ስለምትፈለግ መደቧ ሳይታጠፍ ቀረ።