እትዬ ፋጡማ ደህና ናቸው

ዜና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አንድ ነገር ሲሆን የሚወራው ነው፤ ድልድይ ሲሰበር፣ ላም መንታ ስትወልድ፣ የጎረቤት ልጅ ሲኮበልል። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ የሚወራው ነው። ይሄኛው ምንም ነገር እስኪሆን አይጠብቅም፤ ወሩ ማለቁ ይበቃዋል። የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ስትሰሙ ከኖራችሁ የታደላችሁ ናችሁ። እኔ ሁለተኛውን ስጽፍ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

ገዢው ግንባር አገሩን በሚመራበት ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ስሙን ልተወውና፣ በእኛ ደጋ አገር በተከፈተ አንድ አዲስ ዩኒቨርሲቲ የጤናና የስፖርት ትምህርት ክፍል መምህር ነበርኩ። ክፍላችን ዘጠኝ መምህራን፣ ሁለት ኳስና አንድ በውሰት የመጣ የኳስ መንፊያ ነበረው። ከዚህ ሁሉ ሀብት በየወሩ አንድ ገጽ ተኩል ዜና ይጠበቅብናል። ዜናው ለሕዝብ ግንኙነት ይሄዳል፣ ከዚያ በዩኒቨርሲቲው የፌስቡክ ገጽ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይላካል። «ላይ» የት እንደሆነ ዛሬም በውል አላውቅም። ብቻ የሚላከው ሁሉ ወደዚያ ነበር፤ ተመልሶ የመጣ ግን የለም።

ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። የአቀስታ ልጅ ነኝ፤ ብርድ አገር ያደገ ሰው እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ማንበብ ይወዳል፣ ያነበበ ደግሞ ትንሽ ይጽፋል። ይህን ችሎታዬን በአንድ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ በመያዝ አጋለጥኩት። ምክሬን ከሰማችሁ፣ በመሥሪያ ቤት ስትቀጠሩ ጽሕፈታችሁ እንዳያምር ተጠንቀቁ።

የክፍላችን ኃላፊ አቶ ይመር ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ኋላ ክፉ ሊመስሉ ነው። ችግራቸው ፍርሃት ነበር። በየወሩ «ተጨባጭ ለውጥ አምጡ» ይባላሉ፤ ተጨባጩ ነገራችን ግን ያው ሁለቱ ኳሶች ናቸው። ስለዚህ እኔ የጻፍኩትን ይወስዱና ያሳድጉታል። የተቀደደውን የመረብ ኳስ መረብ በሲባጎ ጠቅመን «መረቡ ተጠገነ» ብዬ ብጽፍ፣ «የስፖርት መሠረተ ልማት ግንባታ በከፍተኛ ርብርብ ተጠናቀቀ» ሆኖ ይወጣል። አንድ መምህር ጠዋት ጠዋት መሮጥ ቢጀምር «የማኅበረሰብ ስፖርት ንቅናቄ ተቀጣጠለ» ይባላል። ያ መምህር እንኳ የሚሮጠው ቁርስ ቤቱ ሳይዘጋ ለመድረስ ነበር።

አበሳጭቶኝ ያውቅ ነበር? አዎ። ተናግሬ አውቃለሁ? አላውቅም። ደሞዝተኛ ነኝ፤ በዚያ ላይ ስለ መረብ ተዋሸ ብሎ ማን ይከሳል?

አንድ ወር ግን ምንም የሚያድግ ነገር ጠፋ። ሲባጎውም አለቀ። አቶ ይመር ተጨነቁና «ሕዝብ ዘንድ እንውረድ» አሉ። ሁለት የደም ግፊት መለኪያና አንድ ታጣፊ አልጋ ይዘን በገበያ ቀን መካነ ሰላም ወረድን። ወንበር ረስተናል። ከነጭ ሽንኩርት ተራው አጠገብ አልጋውን ዘርግተን «ነፃ ነው፣ ኑ ተለኩ!» ማለት ጀመርን። የእኛ አገር ሰው ነፃ የሆነ ነገር ያስጠረጥረዋል፤ ከሩቅ እያየን ያልፋል።

ደፍረው የመጡት እትዬ ፋጡማ ነበሩ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ሽንኩርታቸውን ሸጠው የጨረሱ ሴት ናቸው። መለኪያውን አላዩትም፤ ያዩት አልጋውን ነው።

«ልጄ፣ ሁለት ሰዓት በእግሬ መጥቻለሁ። ትንሽ ጋደም ብልበት ምን አለ?»

«ይጋደሙ እትዬ። ግን ክንድዎን ይስጡኝ።»

«ክንዴስ የት ይሄዳል፣ ውሰደው።»

ለካሁ። ወላሂ ማለት ቢያምርብኝ ወላሂ እላችሁ ነበር፤ የኮረዳ ግፊት ነው ያላቸው። በዚያ ቀን ከፍ ያለ የተገኘው የአቶ ይመር ብቻ ነበር፣ እሱም ወሩ ስላለቀ ነው። እትዬ ፋጡማ «አላህ ይስጥህ» ብለው ዓይናቸውን ከደኑና እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንድ ባልደረባዬ ከነመለኪያው፣ ከነተከደነው ዓይናቸው ፎቶ አነሳቸው። እኔም ጻፍኩ፦ «እትዬ ፋጡማ የተባሉ የአካባቢው እናት የደም ግፊታቸውን ሲለኩ፤ ደህና ናቸው።»

አቶ ይመር አነበቡት። «ደህና ናቸው?» አሉኝ፣ አንድ ዓይነት ቅሬታ ባለው ድምፅ። «ደህና ከሆኑ እኛ ምን ሠራን?»

በነጋታው ፌስቡኩን ስከፍት እትዬ ፋጡማ እዚያው እንደተኙ ናቸው። ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፦ «በድንገተኛ የደም ግፊት ሕይወታቸው አደጋ ላይ ወድቆ የነበሩት ወይዘሮ ፋጡማ በክፍሉ ባለሙያዎች የተቀናጀ ርብርብ ሊተርፉ ችለዋል።» ከዚያ በታች «ለበለጠ መረጃ» ይልና የእኔ ስልክ ቁጥር አለ። የእኔ! እንደ ልማዴ ተናደድኩ፤ እንደ ልማዴም ዝም አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ሮጦ ይይዘዋል?

ማክሰኞ ዕለት ክፍል ልገባ ስል ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የውጭ ነው።

«ሀሎ፣ ዜናውን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«የትኛውን ዜና?»

«የእናቴን።»

ሰዓዳ ነበረች፤ የእትዬ ፋጡማ አንድያ ልጅ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጂዳ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ፣ የሰው ልጆች ስታሳድግ ኖራለች። ፎቶውን አንዲት ያገሯ ልጅ ልካላታለች። ከሥሩ «አላህ ያሽራቸው» የሚለው በዝቶ፣ መሀል ላይ አንዱ ሳያነብ «አላህ ይዘንላቸው» ብሎ ጽፏል። እንዲህ ያለ ሰው መቼም አይጠፋም። ወደ እናቷ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ በዚያ ሳምንት መብራት ስላልነበረ የሁላችንም ስልክ ሲዘጋ ሲከፈት ነበር የሰነበተው።

«እህቴ፣ አይዞሽ» አልኳት። «እናትሽ ደህና ናቸው። በጣም ደህና ናቸው!»

ዝም አለች። እኔ የዋሁ የተረጋጋች መሰለኝ። እናንተ ግን ገብቷችኋል። በእኛ አገር፣ ሰው አገር ላለ ሰው «በጣም ደህና ናቸው» የሚባለው መቼ ነው? አባቱ ከሞቱ ዓመት ያለፋቸውን ልጅ «ገበያ ሄደዋል» እያልን፣ «ጆሯቸው ከብዷል፣ ስልክ አይሰሙም» እያልን ስንቱን አታለናል! ደህና የሆነ ሰውማ ትንሽ ወገቡን ያመዋል። በጣም ደህና የሚሆን የሞተ ብቻ ነው።

«እሺ፣ አገናኘኝ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አሁን የሉም።»

«የሉም?»

«እኔ ጋ የሉም ማለቴ ነው! እዚህ የሉም እንጂ...»

«ኢና ሊላሂ...» ብላ የመርዶውን ቃል ስትጀምር ሰማሁ። መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አታነሳም። ማታውን ስሞክር ስልኩ ጭራሹን ተዘግቷል።

እንግዲህ ምን ቀረኝ? ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ፣ ስልኬን እስከ ጥግ ሞልቼ፣ መካነ ሰላም ወርጄ፣ እያጠያየቅሁ ወደ እትዬ ፋጡማ መንደር በእግሬ ወጣሁ። ከቆርቆሮ ቤታቸው ደጃፍ ደርሼ ጎረቤቲቱን ብጠይቅ «ወንዝ ወርደዋል» አለችኝ። እናቱ የሞተችበትም ወንዝ የወረደችበትም እኩል ያለቅሳሉ ይባል የለ? ብቻዬን ሳቅሁ። ሴትዮዋ ራቅ ብላ ቆመች።

እትዬ ፋጡማ ልብሳቸውን አጥበው፣ እርጥቡን በጀርባቸው አዝለው ሽቅብ መጡ። አወቁኝ። «ያ ባለ አልጋው ልጅ! ኸይር ነው?»

በዚህ ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «እትዬ፣ ልጅዎ ሞተዋል ብላ ታስባለች፤ ጥፋቱም የእኛ ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ፈሪ ነኝ፤ ከአቶ ይመር የምለየው በደሞዝ ብቻ ነው። «ሰዓዳ ድምፅዎን መስማት ፈልጋለች» አልኩ። ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ስለሆነ ተያይዘን ወጣን። እርሳቸው ቀድመውኝ ደረሱ፤ የስፖርት መምህሩ ኋላ ነው የደረሰው። ደወልኩ፤ ዝግ። ደገምኩ፤ ዝግ። ሰባት ጊዜ ሞከርኩ።

«አብሽር፣ ሥራ ይዛ ነው» አሉኝ። አጽናኙ እርሳቸው ሆኑ። «ልጄ ሥራ አታጣም፤ ለእኔ ነው እንጂ ጊዜ የምታጣው። ና ይልቅ፣ እርጎ ጠጣ።»

እርጎውን ይዤ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል፣ ከወደ ታች መንገድ ጩኸት ተሰማ። «እናቴን! እኔን ይድፋኝ፣ እናቴን!» የሴት ድምፅ ነው፤ አብሮ የሰው ኮቴ። የመንደሩ ሰው ከየቤቱ ወጣ። እትዬ ፋጡማ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ያ ረቢ! ማን ሞተብን?» እያሉ ወደ ለቅሶው ሮጡ። ጎረቤት ናቸውና ለቅሶ አይቀሩም። እኔ እርጎዬን እንደያዝኩ ከኋላ።

ከወደ ታች የምትመጣው ጥቁር የለበሰች፣ ሁለት ሴቶች ደግፈው የያዟት ልጅ ናት። መካነ ሰላም ስትወርድ ያገኘቻቸው ዘመዶቿ «ኧረ ደህና ናት!» ብለው ምለዋል፤ እሷ ግን ቀስ ብለው ሊያረዷት መስሏት መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች መጥታለች። አሠሪዎቿም «እናቷ ሞተችባት» ብለው አዝነው፣ ጉዳይዋን በሁለት ቀን ጨርሰው ነው የላኳት። ሁለቱ አልቃሾች መንገዱ መሀል ተገናኙ።

«ሰዓዳ!» አሉ እትዬ ፋጡማ እያለቀሱ። «ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

«አንቺ!»

«እኔ?»

እትዬ ፋጡማ ራሳቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። ከዚያ ሰዓዳ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቷም አጠገቧ ቁጭ አሉ። መንደሩ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያለቅሳል፤ የቀረው ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ሲጠያየቁ ሲጠያየቁ ዓይን ሁሉ እርጎ ወደያዘው እንግዳ ዞረ።

ነገርኳቸው፤ ሁሉንም፤ ምንም ሳላሳድግ።

ሰዓዳ ተነሳች። «በስድስት ዓመት ውስጥ አሞኝ አልጋ ላይ ስወድቅ እንኳ አልነገርኳትም፤ እንዳትደነግጥ ብዬ» አለችኝ። «አንተ በአንድ ፎቶ ገደልካት። ሌላ ሁለት ዓመት ሠርቼ ልመለስ ነበር፤ ሥራዬን ትቼ፣ መመለሻ በሌለው ወረቀት ወጣሁ። ማነው አሁን የሚመልሰኝ?» ሰው ዳነ የሚል ውሸት የሚያርም ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔም አላጋጠመኝም።

«ተይ፣ አፉ በይው፤ እንግዳ ነው» አሉ እትዬ ፋጡማ። የልጃቸውን እጅ ይዘው አልለቅ ብለዋል።

ሰኞ ጠዋት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የአቶ ይመርን በር ሳላንኳኳ ገባሁ። ማረሚያ ይውጣ አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት።

«ምን ብለን እናርመው?»

«እናቲቱ አልታመሙም ነበር ብለን።»

«ታዲያ ያዳንነው ማንን ነው?»

«ማንንም።»

አቶ ይመር በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱማ ዜና አይሆንም» አሉ። «ደግሞ ዘግይተሃል፤ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ወደ ላይ ሄዷል።» ያን ቀን ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁ፤ ለሳምንት አመመኝ። ፎቶውን ግን ከገጹ ላይ አስወረድኩ፤ የወርሃዊ ዜና ጸሐፊነቱንም በዚያው ለቀቅሁ። አሁን በእኔ ቦታ ጽሕፈቱ የሚያምር ሌላ ምስኪን ተገኝቷል።

ሁለት ወር እንዳለፈ እትዬ ፋጡማ ቢሮዬ መጡ። አንድ ፌስታል ነጭ ሽንኩርት ይዘዋል። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ከብቱም ጤፉም ተጠየቀ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ።

«ሰዓዳ ተመልሳ ልትሄድ ነው። ደላላ አግኝታለች።»

«አዝናለሁ እትዬ።»

«ማዘኑን ተወውና፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ እንደዚያ ቀኑ አድርገህ ጻፍልኝ። ፋጡማ ታማለች በል። ብዙ አይሁን፤ እስከ አረፋ የሚያቆይ ያህል።»

ደነገጥኩ። ተነስቼ ደረቴን ነፋሁ። «እትዬ፣ እኔ ውሸት አልጽፍም!»

ትክ ብለው አዩኝ። በቁጣ አይደለም፤ በእውነት ለማወቅ ነው የጠየቁኝ።

«ኧረግ! መቼ ነው የተውከው?»

አልጻፍኩም። ግን በዚያው ቀን ከእርሳቸው ጋር ወርጄ ሰዓዳን መካነ ሰላም አገኘኋትና እናቷ የጠየቁኝን ነገርኳት። በዝምታ የምትቀጣኝ መስሎኝ ነበር። ከት ብላ ሳቀች።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ለእኔም ሦስት ጊዜ ታምሜአለሁ ብላኛለች። ሳትጨርሰው ሳቋ ይመጣል። አትችልበትም፤ ለዚህ ነው ባለሙያ የፈለገችው።»

እስከ አረፋ ቆየች። ከአረፋ በኋላስ? ከአረፋ በኋላማ ሄደች፤ እትዬ ፋጡማም እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝተዋት፣ ነጭ ሽንኩርታቸውን ሊሸጡ ወደ ገበያው ገቡ።