ሳይሞቅ አይጠየቅም

ትናንት ሌሊት በሕልሜ፣ አባቴ ጡረታ እስኪወጣ የሠራበት የሬዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ ሄድኩ። ሬዲዮዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ሰዎቹ መደርደሪያ ላይ ቆመው ያወራሉ። አምፖል የሚመስሉት የድሮ ማሰራጫ የመስታወት ቫልቮች ነጭ ጋዋን ለብሰው ይዘዋወራሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ የሜርኩሪ ትነት በሐምራዊ ብርሃን ይበራል። የደከመ ሰው ሲያገኙ ከሶኬቱ ነቅለው ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል።

አንዱ ቫልቭ በሩ ላይ አስቆመኝ።

«ከየት ነው?»

«ከፕራግ። ተምሬ ተመለስኩ።»

«ተመለስኩ?» ባልንጀሮቹን ጠራ። «ኑ፣ ጉድ እዩ! እኛ ኤሌክትሪክ የምናሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የተመለሰ ካለ ብልሽት ነው።»

እኔም ከመጣሁ ጀምሮ የምጠረጥረው ይህንኑ ነበር።

ከመደርደሪያው ጫፍ አባቴን አየሁት። ፒጃማውን እንደለበሰ፣ እግሩ ሶኬት ውስጥ ገብቶ ይንቀጠቀጣል። የቫልቮቹ አለቃ መጣና ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄ ሽማግሌ ፈዟል። ልጁን ካወቀው ይቆያል፤ ካላወቀው ይነቀላል።» ወደ እኔ ጠቆመ። «ማነው ይሄ?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣውም።

«ንቀሉት!»

«ቆይ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሳትሞቁ ከፍተኛ ቮልት ከተለቀቀባችሁ ትቃጠላላችሁ፤ አባቴ እንዲያ አድርጎባችሁ ያውቃል? ምሳው ቤት እየቀዘቀዘ፣ እናንተ እስክትግሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችሁ አልነበረም?»

ቫልቮቹ አፈሩ። ብርሃናቸው ደብዘዝ አለ።

«እውነቱን ነው» አለች አንዲት ጫፏ የጠቆረ አሮጊት ቫልቭ። «ወንድይራድ ቸኩሎብን አያውቅም። አሙቀው፣ ልጄ።»

መደርደሪያው ላይ ወጥቼ አቀፍኩት። አጥንት ብቻ ሆኗል። ጀርባውን አሸሁለት፤ መዳፎቹ መሃል ተነፈስኩ። ማንም አልቸኮለም። ቀስ እያለ ደረቱ ላይ ሐምራዊ ብርሃን ታየ፤ ወደ አንገቱ፣ ከዚያም ወደ ጆሮዎቹ ወጣ።

«አንተ ይትባረክ!» አለኝ። «እንዲህ ከስተህ ነው የመጣኸው? እዚያ አገር ምግብ የለም እንዴ?»

ሬዲዮዎቹ ሁሉ አጨበጨቡ።

ነቃሁ። ነግቷል። አባቴ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ፣ ትከሻዬን በጣቱ ጫፍ በትህትና ይነካካል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ» አለኝ። «አልጋውን ይለቁልኛል? ልጄ ዛሬ ከውጭ አገር ይገባል።»