ሞጆ ሳይደርስ የሚፈርጥ ሰው

ትናንት በሕልሜ ቲማቲሞቻችን እኛን ተክለውን አየሁ። እኔና ባለቤቴ ሰናይት መቂ ባለው ማሳችን ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታችን አፈር ለብሰን ጎን ለጎን ቆመናል። በወዲያኛው መስመር ጎረቤታችን ጋሽ ቱፋ ከነባርኔጣቸው በቅለዋል። ደስ የሚል ጠዋት ነበር፤ ማንም አልተገረመም።

ቲማቲሞቹ የጀርባ መርጫ አዝለው በየመስመሩ ይመላለሳሉ።

«ዛሬ ሰው ይጫናል» አለች አንዷ። «አዲስ አበባ ሰው ተወዷል አሉ።»

ልቤ ዘለለ። የሰናይት እኅት የምትዳረው አዲስ አበባ ነው። ቲማቲማችን ጠንክሮ ከቆየ፣ እሱን በሚወስደው አይሱዙ አብረን ልንሄድ ክረምቱን ሙሉ ስናወራ ከርመናል።

ደላላው መጣ። ሆዱ የሞላ፣ አረንጓዴ ቆብ የደፋ ቲማቲም ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ የሰናይትን ጉንጭ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ።

«ጠንካራ ናት። አንደኛ ደረጃ። ሳጥን ውስጥ አስገቧት።»

ወደ ጋሽ ቱፋ ዞረ። «እኚህ ለዘር ይቀመጡ።»

«ዕድሜ ይስጥህ» አሉ ጋሽ ቱፋ።

የእኔን ጉንጭ ሲነካ ጣቱ ሰመጠ።

«ይሄ ለስልሷል። ሞጆ ሳይደርስ ይፈርጣል። ለድልህ አድርጉት።»

«ጌታዬ፣ ባለቤቴ ናት እኮ» አልኩ። «አብረን ነው የምንሄደው።»

«አንድ ለስላሳ ከገባ ሳጥኑ በሙሉ ይበሰብሳል። እናንተው አይደላችሁ ያስተማራችሁን?»

ሰናይት ከሳጥኗ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ካልሲየም አንሶት ነው። ይረጭና ይታይ» አለች።

ደላላው ሰማዩን አየ። «ፀሐይዋ ሳትበረታ ከሆነ ይረጭ። አይሱዙው እስኪሞላ ነው ታዲያ።»

አንዲት ለጋ ቲማቲም እየተንከባለለች መጣች። በውሃ የበጠበጠችውን ካልሲየም የለበስኩት ኮት ላይ ረጨች። ቀጥላ ባርኔጣዬን ረጨች።

«እሱ ልብስ ነው» አልኳት። «ለልብስ ምን ያደርግለታል? ፍሬው ላይ ርጪ።»

«ፍሬህ የቱ ነው?»

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ጥቂት አሰብኩ።

«ጉንጬ ይመስለኛል።»

«ከሥር!» አለች ሰናይት ከሳጥኗ። «ከላይ ከላይ አታርጥቢው፣ ከሥር አዳርሺው!» በእውኑ እሷ መርጫ ባዘለች ቁጥር ከኋላ ከኋላዋ እየሄድኩ በዚህ ቃል የምነዘንዛት እኔ ነኝ። ድምፄን ሳይቀር ወስዳዋለች።

አገጬን ቀና አደረግሁ። ቀዝቃዛ ጭጋግ አንገቴ ሥር ገባ። መጀመሪያ ጉንጬ ጠና፣ ከዚያ ትከሻዬ፣ ከዚያ ሣቄ። በየመስመሩ የተተከለው ሰው ሁሉ እልል አለ። አንድ ቀይ ሽንኩርት አይሱዙውን አስነሳ። ሰናይት ከነሳጥኗ መራቅ ጀመረች። የደላላው አውራ ጣት ወደ ጉንጬ ተመለሰ።

«እደርሳለሁ» አልኩት። «ከሥር ተረጭቻለሁ፣ ሞጆን አልፋለሁ፣ እደርሳለሁ፣ እደር—»

ውሃ ከአገጬ እየተንጠባጠበ ነቃሁ። ሰናይት ለእኅቷ ሠርግ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ገና ያልተሠራበትን አዲሱን መርጫ አዝላ ከአልጋው አጠገብ ቆማለች። ደጅ አይሱዙ ጥሩምባ ይነፋል።

«ምንድነው የረጨሽብኝ?»

«ንጹሕ ውሃ። ብቀሰቅስህ፣ ብቀሰቅስህ እምቢ አልክ። ‹ከሥር› ስትል ከሥር ረጨሁህ።»

«ቲማቲሙስ?»

«ደላላው ዳብሶት ድንጋይ ነው አለ። ሁሉም ተጭኗል፤ የቀረኸው አንተ ነህ።»

«እሺ፣ ጋቢና ቦታ ያዢልኝ።»

«ጋቢናውን እኔና ጋሽ ቱፋ ሞላነው። አንተ ከኋላ ነህ፣ ከሳጥኖቹ ጋር።»

ከዚያ ጎንበስ አለችና ጉንጬን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጥቂት አሰበች።

«እስከ ሞጆ እንኳ ትደርሳለህ» አለች።