የአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ አራት ደቂቃዎች

የማርሎ ፎልስ ዩኒቨርሲቲ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ተማሪዎች ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 11
ቦታ፦ የተማሪዎች ማዕከል ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ ጎን ያለው ክፍል
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 10፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 10፡37

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከዘጠኝ አባላት አምስቱ ከተገኙ ይሟላል። 10፡00 ላይ ሰብሳቢው ብቻ ነበሩ። የቀረነው አራታችን በረዶ የያዘው አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ስለነበርን፣ ምልዓተ ጉባኤው እስከ 10፡37 ድረስ መንገድ ላይ ቆይቷል።

የተገኙ፦
ግራንት ሆልኮም፣ ሰብሳቢ። ከኖቬምበር ጀምሮ የራሳቸው መኪና አላቸው። የአውቶቡስ ችግር ከውጭ ሆኖ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ እንደሚሆን በማስረዳት በሥልጣናቸው ቀጥለዋል። በቃለ ጉባኤ ላይ «አንቱ» እንዲባሉ ያሳሰቡትም ራሳቸው ናቸው።
ኮርዴል ዊትፊልድ፣ የምህንድስና ተማሪ፣ ባለ ሰዓት መቁጠሪያ።
ማርሲ ደንከል፣ የግብርና ተማሪ፣ አራት መቶ ሰው ከሚኖርበት መንደር የመጣች።
ብሪጅት ሃልቮርሰን፣ የነርሲንግ ተማሪ፣ የኦርቻርድ ኮርት ነዋሪ።
ቴዎ ብራንት፣ ጸሐፊ። የተሾምኩት በችሎታዬ አይደለም። በኮሚቴው ልማድ መጨረሻ የገባ ሰው ይጽፋል፤ እኔ ደግሞ ከአውቶቡሱ ስወርድ አንሸራትቶኝ ወደቅሁ።

ያልተገኙ፦ ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ተሳፍረው ገበያ ማዕከሉ ጋ መድረሳቸውን በስልክ አሳውቀዋል። አንዱ ባለፈው ዓመት ተመርቋል። የአንዷ ምክንያት አልታወቀም።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈው ቃለ ጉባኤ አውቶቡስ ወንበር ላይ ተረስቶ ስለቀረ ሳይነበብ ጸድቋል።

አጀንዳ 2፦ ከከተማው የትራንስፖርት ቢሮ የመጣ ደብዳቤ

ሰብሳቢው ደብዳቤውን አንብበዋል። የጠዋቱ አሥራ አራት ቁጥር በየቀኑ አራት ደቂቃ እንደሚዘገይ፣ ተማሪዎች አራቱ ደቂቃ የት እንደሚጠፋ እስከ ሰኞ አጣርተው የስብሰባቸውን ቃለ ጉባኤ ካላስገቡ የኦርቻርድ ኮርት ማቆሚያ እንደሚሰረዝ ይገልጻል።

ብሪጅት እንድትናገር ተፈቅዶላታል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሆስፒታል ለተግባር ልምምድ እንደምትገባ፣ እስካሁን ሁለት ጊዜ እንዳረፈደች፣ ለሦስተኛ ጊዜ ካረፈደች ትምህርቱን አቋርጣ ዓመት እንደምትጠብቅ አስረድታለች። ማቆሚያው ከተነሣ እስከ ቀጣዩ ድረስ በበረዶ ሃያ አምስት ደቂቃ በእግር ነው። ሰብሳቢው መኪና መግዛት አስባ ታውቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። ብሪጅት የሰጠችው መልስ በጸሐፊው ውሳኔ አልተመዘገበም።

ኮርዴል ጥናት አቅርቧል። ትናንት ጠዋት በአንድ ጉዞ ሰማንያ ሦስት ሰው ሲወርድ ቆጥሯል። እያንዳንዱ ሲወርድ ሹፌሯን «አመሰግናለሁ» ይላል፣ እሷም «መልካም ቀን» ትላለች፤ ይህ በአማካይ ሦስት ሰከንድ ይወስዳል። ሲባዛ አራት ደቂቃ ከዘጠኝ ሰከንድ ይመጣል። ስለዚህ ምስጋና ይቅር የሚል ሐሳብ አቅርቧል።

ማርሲ በዚህ ጊዜ ተነሥታለች። ከአውቶቡስ ሳያመሰግኑ መውረድ የሰው ቤት በልቶ ሳህን ወርውሮ እንደመውጣት መሆኑን፣ እናቷ ይህን ከሰማች ለምስጋና በዓልም ቤት እንደማታስገባት ተናግራለች። ኮርዴል የማርሲ እናት አውቶቡስ በሌለበት መንደር እየኖሩ በጉዳዩ ድምፅ ሊኖራቸው እንደማይገባ መልሷል። ማርሲ ለኮርዴል የሰጠችው ስም ከግብርና ትምህርት የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙን ጸሐፊው አላወቀም።

ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።

2.1 ከሰኞ ጀምሮ ማንኛውም ተማሪ ከአሥራ አራት ቁጥር ሲወርድ ከማመስገን ይታቀባል። አራት ደግፈዋል፣ ማርሲ ተቃውማለች። ብሪጅት እጇን ያወጣችው ጠረጴዛውን እያየች ነው። ጸሐፊው የደገፈው ርቦት ነው።

2.2 ራሱን መግታት ያቃተው አንድ ጊዜ በአገጩ ምልክት ማድረግ ይችላል።

2.3 በየሳምንቱ አርብ በዕጣ የተመረጠ አንድ ተማሪ ስለ ሁሉም ያመሰግናል። የመጀመሪያው ዕጣ ለሰብሳቢው ወጥቷል። ሰብሳቢው አውቶቡስ ስለማይሳፈሩ በመኪናቸው ከኋላ ተከትለው በመስኮት እንደሚያመሰግኑ ቃል ገብተዋል።

አጀንዳ 3፦ የሹፌር አስተያየት

የአሥራ አራት ቁጥር ሹፌር ወይዘሮ ዶሪን ክላፕ በእረፍታቸው ሰዓት በግብዣ ገብተው ውሳኔ 2.1 ተነብቦላቸዋል። ጓንታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጡ በኋላ እንዲህ ብለዋል።

«አመሰግናለሁ የምትሉት እየወረዳችሁ ነው፣ ቆማችሁ አይደለም። አንዲት ሰከንድ አልወሰዳችሁብኝም። አራቱን ደቂቃ ከፈለጋችሁ ያቻትላችሁ።»

ያመለከቱት ብሪጅትን ነው።

ወይዘሮ ዶሪን በየጠዋቱ ኦርቻርድ ኮርት በሰዓታቸው እንደሚደርሱ፣ ብሪጅት ግን ማቆሚያው ላይ እንደማትገኝ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ እንደሚጠብቋትና ካፖርቷን ሳትቆልፍ እየሮጠች እንደምትመጣ አብራርተዋል። ሌላው ማቆሚያ ሁሉ የሚዘገየው ከዚያ በኋላ ነው።

ብሪጅት ፊቷ ቀልቶ፣ «ስልኬ እኮ አራት ደቂቃ ይዘገያል ነው የሚለኝ፤ በዚያ ብርድ ቀድሜ ወጥቼ ምን ልሠራ?» ብላለች።

ኮርዴል የስልኩ ትንበያ የሚሰላው ካለፉት ቀናት መዘግየት መሆኑን ካስረዳ በኋላ ድምፁ ዝግ እያለ ሄዶ ተቀምጧል። በአጭሩ፣ ብሪጅት የምትዘገየው አውቶቡሱ ስለሚዘገይ ነው፤ አውቶቡሱ የሚዘገየው ብሪጅትን ስለሚጠብቅ ነው። ጸሐፊው ይህን ሁለት ጊዜ አስደግሞ ነው የጻፈው። ብሪጅት ሁለቴ ያረፈደችውም ራሷን ስትጠብቅ ነው ማለት ነው።

ማርሲ ለምን ጥለዋት እንዳልሄዱ ጠይቃለች።

«ከዜሮ በታች ሃያ ነው፣ ልጄ። የምትሮጥ ልጅ በመስታወት እያየሁ መሄድ አልችልም። ቀኔን ሙሉ ሲከነክነኝ ይውላል።»

ሰብሳቢው ምክንያቱ በመገኘቱ ደስታቸውን ገልጸው፣ ቃለ ጉባኤው ነገ ጠዋት ለትራንስፖርት ቢሮ ይላክ ብለዋል። ወይዘሮ ዶሪን ጓንታቸውን መልሰው ማጥለቅ ጀምረዋል። ኮርዴል ምን እንደሆኑ ሲጠይቃቸው፣ ተሳፋሪ ለመጠበቅ ከተመደበለት ሰዓት በላይ የቆመ ሹፌር በጽሑፍ እንደሚቀጣ፣ እሳቸው አንድ ማስጠንቀቂያ እንዳላቸው፣ ሁለተኛው ከመሥመሩ እንደሚያነሣቸው ተናግረዋል። ማንን ሲጠብቁ የመጀመሪያው እንደተሰጣቸው አልተናገሩም። ብሪጅት ግን ሳይነገራት አውቃዋለች። ማልቀሷን ጸሐፊው አይቷል፣ ሰብሳቢው ግን ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለዋል።

በዚህ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ስሰበሰብ አንድ ሰው ከልቡ ሲናገር የሰማሁት ዛሬ ነው። ከዚህ በፊት ስለ ድጋፍ ፊርማ ማኅደር ቀለም ሦስት ሳምንት ተከራክረናል።

አጀንዳ 4፦ በብሪጅት ሃልቮርሰን የቀረበ አስቸኳይ ሐሳብ

ብሪጅት ተነሥታ ቃለ ጉባኤው እንዳይላክ ጠይቃለች። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤ ካልገባ ማቆሚያዋ እንደሚሰረዝ፣ ዓመቷም አብሮ እንደሚሄድ አስታውሰዋታል። ብሪጅት አውቃለሁ ብላለች። ማርሲ አውቶቡሱ ሰኞ በሰዓቱ ካለፈ ቢሮው ራሱ አያየውም ወይ ብላ ጠይቃለች። ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ብሪጅት ይህ ከበቃ በቃ፣ ካልበቃ በእግሯ እንደምትሄድ ተናግራለች።

ያለ ተቃውሞ የሚከተለው ተወስኗል።

4.1 ውሳኔ 2.1፣ 2.2 እና 2.3 ተሽረዋል። ምስጋናው እንደነበረ ይቀጥላል። ሰብሳቢው አውቶቡሱን በመኪና እንዳይከተሉ ተጠይቀዋል።

4.2 ያለፈው ቃለ ጉባኤ መጽደቁ ተሽሯል።

4.3 ዛሬ ስብሰባ አልተካሄደም፤ ምልዓተ ጉባኤው እስከ መጨረሻው መንገድ ላይ እንደቆየ ይቆጠራል።

4.4 ጸሐፊው ይህን ወረቀት ቀድዶ ይጥላል። ጸሐፊው ድምፀ ተዓቅቦ አድርጓል።

ወይዘሮ ዶሪን አውቶቡሱን ሊያስነሡ ሲወጡ ብሪጅት በሩ ድረስ ተከትላቸው፣ «ሰኞ ቀድሜ ወጥቼ ቆሜ ነው የሚያገኙኝ» ብላለች።

«ባላገኝሽም እጠብቅሻለሁ» ብለዋል ወይዘሮ ዶሪን።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የትም ቦታ እንዳይሰፍር በሙሉ ድምፅ ተወስኖ፣ ያልተካሄደው ስብሰባ 11፡46 ላይ ተበትኗል።