የሊዲያ ሸክላና የእኔ የጥፍር ቀለም

በአሜሪካ ውድ ዕቃ ማለት ማንም የማይነካው ዕቃ ማለት ነው። አትሳቁ! ጫማ ገዝቶ የማይጫማ፣ አሻንጉሊት ገዝቶ ከካርቶኑ የማያወጣ ሕዝብ መሀል ነው የምንኖረው። ይሄ በሽታ እኛ ያለንበት ሚኒሶታ፣ ቡርንስቪል ድረስ መጥቶ፣ የእኛን ደረጃ ወጥቶ፣ የገዛ ልጄ መኝታ ቤት ይገባል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም ነበር።

ልጄ ሊዲያ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ኢንዲ ፖፕ የሚባል ነገር የሚጫወት አንድ የአሜሪካ ባንድ ትወዳለች። አራት ቀጫጭን ልጆች ናቸው፤ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ቁርስ ሳይቀምሱ የሚዘፍኑ ነው የሚመስሉት። እነዚህ ልጆች አልበም ሲያወጡ በሸክላ ያሳትሙታል። አዎ፣ በሸክላ! አባቶቻችን በግራሞፎን የሰሙት፣ እኛ ካሴት ሲመጣ ተገላገልን ያልነው... ያው ሸክላ። ልዩነቱ ቀለሙ ነው። ሐምራዊ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ እርጎ ላይ ቀይ ሥር የተንጠባጠበበት የሚመስልም አለ። እያንዳንዱ ቀለም የሚታተመው ጥቂት ብቻ ስለሆነ ያገኘ ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው።

ሊዲያ እርጎውን አገኘች። በዚያ ብርድ ሱቁ ሳይከፈት ተሰልፋ ነው ያገኘችው። እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ቤት ገባች።

"በይ ክፈቺውና እንስማው" አልኳት።

"ማሚ፣ ኖ! ሲልድ ነው! ላስቲኩ አይነካም!"

"ታዲያ መቼ ነው የሚሰማው?"

"አይሰማም። ዘፈኑ ስልኬ ላይ አለ።"

"ማጫወቻውስ?"

"የለኝም።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

ባለፈው ወር የባንዱ አድናቂዎች ሸክላዎቻቸውን ይዘው ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚባል ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሊገናኙ ሆነ። ሊዲያም እርጎውን ለማሳየት ልትሄድ ተነሳች። ባለቤቴ ታደሰ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ፣ "ሁሉም አንድ ዓይነት ሸክላ ይዞ መጥቶ፣ ሲወጡ የማን የማን እንደሆነ በምን ሊለዩት ነው?" አለ። እሱማ ይህን ብሎ ወደ ኳሱ ተመለሰ። ጭንቀቱ የቀረው ለእኔ ነው።

ምክንያት አለኝ! የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለምሳ ፕሮግራም ምግብ ይዘን ስንሄድ፣ ድስቶቻችን ሁሉ ከአንድ ሱቅ የተገዙ ስለሆኑ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ሁላችንም በጥፍር ቀለም እንጽፍባቸዋለን። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ የትልቁ ድስቴ ክዳን ላይ መጻፍ ረሳሁ። ክዳኔ ከጠፋ ይኸው ሦስተኛው ፋሲካ አለፈ! ዛሬም ድስቴን የምከድነው በትሪ ነው። ማን እንደወሰደችው አውቃለሁ... ስሟን ግን አልጠራም።

እናም ሊዲያ ትምህርት ቤት ስትሄድ ቀዩን የጥፍር ቀለም አወጣሁ። መጀመሪያ ላስቲኩ ላይ ልጽፍ አሰብኩ። ቆይ፣ ሌባው ላስቲኩን ቢቀደውስ? ሽፋኑ ላይ ልጻፍ። ሽፋኑን ቢቀይረውስ? ከሌባ ጋር ቀልድ የለም! ላስቲኩን በቢላ ጫፍ ቀድጄ ሸክላውን አወጣሁና መሀሉ ላይ ያለችው ክብ ወረቀት ላይ፣ እጄ የለመደውን ጻፍኩባት። ስልኬንም ጨመርኩ። ሲደርቅ መልሼ በምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ጠቀለልኩትና በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ሞቅ ባደርገው... ጥብቅ! ፋብሪካው ራሱ አይለየውም።

ቅዳሜ አዳራሹ ድረስ አድርሻት መኪና ውስጥ ጠበቅኳት። ከሰዓት በኋላ እየበረረች መጣች።

"ማሚ! ጌስ ዋት! ሰማያዊውን አገኘሁ! የመጀመሪያ አልበማቸውን! ሁለት ዓመት ስፈልገው የነበረውን!"

"እሰይ የኔ ልጅ! ከየት አገኘሽው?"

"አንድ ሰውዬ ጋ ነበር። በእርጎው ትሬድ አደረግሁት! አዲስ ነው፣ ሲልድ ነው ስለው ወዲያው እሺ አለኝ!"

ተናገሪ፣ አለኝ አንዱ ልቤ። ዝም ብለሽ ንጂ፣ አለኝ ሌላው። ነዳሁ።

ሃይዌይ እንደገባን ስልኬ በመኪናው ስፒከር ጠራ። ረጋ ያለ የፈረንጅ ድምፅ ነው።

"ይቅርታ፣ የእርስዎ ሸክላ እኔ ጋ ያለ መሰለኝ። ከፍቼ እዚሁ አዳራሹ ውስጥ ባለው ማጫወቻ ላጫውተው ስል ይህን ስልክ ቁጥር በቀይ ተጽፎ አየሁት። ተሰርቆብዎት ይሆን? የሰጠችኝ ልጅ ግን ጨዋ ነበር የምትመስለው..."

መልሼ እደውላለሁ ብዬው ዘጋሁት። ሊዲያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"ማሚ... ዋት ዲድ ዩ ዱ?"

ነገርኳት። ከድስቱ ጀምሬ እስከ ፀጉር ማድረቂያው ድረስ ነገርኳት። ሰማያዊውን ሸክላ ጭኗ ላይ እንዳደረገች ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"እንመለስ። ልመልስለት ነው።"

"እሱ እኮ ቅር ያለው አይመስልም፤ ምናለ ዝም ብንል..."

"ማሚ! አታለልኩት እኮ!"

አፈርኩ። የእውነት አፈርኩ። ለሰውዬው ደውዬ እየመጣን ነው አልኩትና በሚቀጥለው ኤግዚት ወጥቼ ተመለስኩ።

ሰውዬው ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጎልማሳ ነው፤ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ሊዲያ ሰማያዊውን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ከነድስቴ፣ ከነክዳኔ አስረዳሁት። እንደ ጨዋ የሚኒሶታ ሰው ሁሉ ጨርሶ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

"እኔ ሸክላ የምገዛው ልሰማው ነው" አለ በመጨረሻ። "ላስቲኩ ቢኖር ባይኖር ግድ የለኝም። ልውውጣችን እንዳለ ይቆይ።"

ሊዲያ ሰማያዊውን መልሳ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እኔም ተነፈስኩ።

"ግን አንድ ነገር ልጠይቅ?" አለ። "ከስልኩ በላይ የተጻፈው ምን ይላል?"

ሊዲያ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። እጄ የለመደውን ጻፍኩ ብያችሁ የለ? ድስት ላይ ሁልጊዜ የምጽፈውን...

"'ሲጨርሱ አጥበው ይመልሱ' ነው የሚለው" አልኩት።

ጢሙን እያሻሸ ራሱን ነቀነቀ። አልሳቀም። ነገሩ እዚያው አለቀ ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ትናንት መልእክት ላከልኝ። "ሰላም። ሁለቱንም ገጽ ሰምቼ ጨርሻለሁ፤ በጣም ደስ ይላል። በሸክላ ማጠቢያ ፈሳሽ በደንብ አጥቤዋለሁ። መቼ ላምጣልዎት?"

ልብ በሉ! አማርኛ የማያነብ ፈረንጅ፣ የራሱ የሆነውን ሸክላ አጥቦ መቼ ላምጣ ይላል። አንቺ ግን፣ እኅቴ... ስምሽን አልጠራሁም፤ ይህን ዓምዴን በየሳምንቱ እንደምታነቢ ግን አውቃለሁ። ክዳኑ ላይ ምንም አልተጻፈበትም ነበር ትዪኛለሽ። እሺ፣ ይኸው አሁን ጻፍኩት፦ አጥበሽ መልሺ!