ሹፌሩ አባት ስለ ልጃቸው ጆሮ የዘመቱት ዘመቻ

በዘመነ ድንቡሼ፣ የቤቱ ሰው እንቅልፍ ሁሉ በሕፃኗ መዳፍ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በተወለዱ በወርኃ ዘጠኝ፣ መሪ ጨባጭ፣ ፍሬን ረጋጭ፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆኑት አባት የልጃቸውን ገድል ይከታተሉ ነበር። እመቤት ድንቡሼ ያለ ደጋፊ ቢቀመጡ አባት ደስ አላቸው፤ የአባታቸውን ጫማ ይዘው ቢያኝኩም እጅግ ደስ አላቸው። ነገር ግን አባት ከኋላ ሆነው በስማቸው ቢጠሯቸው እመቤት አልዞሩም፤ ፊት ለፊት ሲመጡ ብቻ በድዳቸው ሳቁላቸው። አባትም የእመቤትን ጆሮ ተጠራጠሩ።

ወእምዝ የድስት ክዳን አንሥተው ከሕፃኗ ጀርባ ቢያንኳኩ፣ ሚስት ከጓዳ ወጡ፣ ጎረቤት በመስኮት ብቅ አሉ፣ የደጁም ውሻ ጮኸ፤ እመቤት ድንቡሼ ግን የእግራቸውን ጣት መመርመር አላቋረጡም።

ያን ጊዜ ልጅ በማሳደግ የተፈተኑት አማት፣ ከሶፋው ላይ ሳይነሡ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ምን ያስጨንቃችኋል? አባቷም ዕቃ እጠብ ሲባል አይሰማም፤ በዘር ነው! ተዉአት፣ ትደርሳለች!» ጉባኤውም በሳቅ ፈረሰ፤ አባትም ለይሉኝታ አብረው ሳቁ። በማግስቱ ግን መሪ ይዘው ሳሉ፣ ከኋላ ጡሩንባ በተነፋ ቁጥር ልጃቸው ትዝ እያሏቸው አላስችል ቢላቸው፣ ከሥራ እንደ ገቡ ዐዋጅ አስነገሩ፦ «ሳቁብኝ! ፈሪ በሉኝ! እኔ ግን ነገ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ።»

ወተንሥኡ ሠራዊት፦ በፊት አባት ልጃቸውን ታቅፈው፣ በቀኝ ሚስት ጡጦ ጨብጠው፣ በግራ የሚስት እኅት ጃንጥላ ዘርግተው፣ በኋላም ያችው አማት «እኔ ለመታዘብ ነው» እያሉ ዳይፐሩን ተሸክመው። ከጤና ጣቢያው ነርስ ደጃፍ ሲደርሱ አባት፣ በከንቱ አስቸገርክ እንዳይባሉ ፈርተው ወደ ኋላ ሊመለሱ ቃጡ፤ ሆኖም ገቡ፤ ያዩትንም ሁሉ ተናገሩ። ነርሷም ዐወጁ፦ «ደግ አደረጋችሁ! በዚህ ዕድሜ ልጅ ስትጠራ ካልዞረች መጠየቅ ነው እንጂ መጠበቅ አይደለም።» ወደ ጆሮ ሐኪምም ላኳቸው። ሐኪሙ ከሕፃኗ የጆሮ ታምቡር ኋላ ፈሳሽ ተጠራቅሞ አገኙ፤ ሕክምናና ክትትልም አዘዙ። አማትም ለሚቀጥለው ቀጠሮ ዳይፐሩን ራሳቸው ሸከፉ።

ወእምድኅረ ብዙ ምልልስ፣ በአንዲት ማለዳ፣ አባት ከልጃቸው ጀርባ ቆመው የሥራ ሸሚዛቸውን ሲተኩሱ ድንገት አነጠሱ። እመቤት ድንቡሼም ደንግጠው፣ ዞር ብለው፣ አባታቸውን ትክ ብለው አይተው፣ ቤቱን በልቅሶ አናወጡት። አባትም «ሰማችኝ! አልቅሺ የኔ እናት፣ አልቅሺ!» ብለው ዐወጁ፤ አንሥተው አቅፈዋቸውም አብረው አለቀሱ። ካውያው ግን ከሸሚዙ ላይ እንደ ተቀመጠ ነበር።

እነሆ ክብር ይሁን ለእኚህ አባት፣ «አላውቅም፣ ልጠይቅ» ለማለት ላላፈሩት ጀግና፣ ጀርባው በካውያ የተነደለ ሸሚዝ እንደ ወርቅ ካባ ደርበው፣ እያፏጩ ወደ ሥራቸው ለወረዱት።