የሰይድ ትርፍ ብሎኖች

ዕቃ የመፈታታት አመል ካለበት ሰው ጋር አንድ ክፍል ኖራችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ተመስገን በሉ!

እኛ ዐረብ አገር፣ ቢን ኦምራን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን ስንኖር፣ ሰይድ የሚባለው ጓደኛችን ከቆሻሻ ላይ ያነሳውን የሞተር ሳይክል ሞተር አልጋዎቻችን መሀል ፈታታው። ብሎኑን ሁሉ በተፈታበት ተራ አንሶላ ላይ ደረደረና፣ "ተራው ከተዛባ ኸላስ፣ አለቀልኝ!" ብሎ አስጠነቀቀን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽንት ቤት የምንሄደው እየዘለልን ነበር። ጉንፋን የያዘኝ ዕለትማ፣ አስነጥሼ ብሎን እንዳልበታትን ፈርቼ ኮሪደር ላይ አደርኩ። ምን ላድርግ?

አርብ ዕለት ሌላው ጓደኛችን ሙሐመድ የሚሰግድበት ቦታ ቢያጣ፣ አንሶላውን በአራት ጫፉ ሰብስቦ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ጥግ አስቀመጠው። ሰይድ ሲገባ እኔ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ። እሱ ግን ከት ብሎ ሳቀ።

"አይዞን፣ ኢንሻአላህ ይገጥማል" አለና ገጠመው። ሞተሩም ተነሳ! ጭሱ ሲገለጥ ግን አንሶላው ላይ አምስት ብሎኖች ቀርተዋል።

"ሰይድ፣ እነዚህስ?"

"ትርፍ ናቸዋ! ፋብሪካ ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚሰጠው።"

"በምን አወቅህ?"

"ሥራዬ አይደል እንዴ? እኔ ጋ በየቀኑ ይተርፋል።"

ሰይድ ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ ያውም እኔ ዌስት ቤይ የሚባለው የፎቆች ሰፈር በማጸዳበት ሕንፃ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልዲዬን ይዤ ሃያ ሰባት ፎቅ በደረጃ እወጣለሁ።

አለቃዬ ላቤን አይቶ፣ "ሊፍቱ ተበላሸ እንዴ?" ይለኛል።

"ገና ነው" እለዋለሁ።